የታዳጊ አገር ተማሪዎችን የሳይንስ ግንዛቤ ማወዳደር፦ ከዓለም አቀፍ ዳታ እስከ ጎንደር መማሪያ ክፍል

«በፒሳ 2022 ሞሮኮ በሳይንስ 365፣ ኢንዶኔዥያ 383 አመጡ፤ ስለዚህ የኢንዶኔዥያ ትምህርት ይሻላል።» ፒሳ (PISA) የ15 ዓመት ተማሪዎችን የሚፈትን ዓለም አቀፍ ምዘና ነው፤ ቁጥሮቹም ልክ ናቸው። ድምዳሜው ግን የጥናት መከላከያ ላይ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል፤ ጥያቄውም «ለመሆኑ የተፈተነው ማን ነው?» የሚል ነው። የማወዳደር ሥራ በአብዛኛው የሚበላሸው ስሌቱ ላይ ሳይሆን ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ወደ ውጤት ሠንጠረዥ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

መመሪያው ጎንደር ሆነው ለሚሠሩ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ከደረጃ 1 እስከ 5 የሌሎች አገሮችን ነባር ዳታ ማወዳደር ነው። ከደረጃ 6 እስከ 9 በከተማው ትምህርት ቤቶች ፈትኖ ውጤቱን ከውጭው ጎን ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛውን ብቻ የምትፈልጉም ብትሆኑ ደረጃ 2ን ሳታነቡ አትለፉ።

«የሳይንስ ግንዛቤ» ስንል ፒሳ ከ2015 እስከ 2022 ባሉት ዙሮች የለካቸውን ሦስት ችሎታዎች ነው፦ ክስተትን በሳይንስ ማስረዳት፣ ምርመራን መንደፍና መገምገም፣ ዳታንና ማስረጃን መተርጎም። ቀመር መሸምደድ እዚህ ውስጥ የለም።

አስቀድማችሁ አዘጋጁ

- ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር፣ ከ50 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ጋር።
- አር (R)፣ ስታታ (Stata) ወይም ኤስፒኤስኤስ (SPSS) የተባለ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ ከነተጨማሪ መሣሪያው። በአር ለሚሠራ ኢንትስቪ (intsvy) ወይም ራልሳ (RALSA)፣ በስታታ ለሚሠራ ሬፔስት (repest)፣ በኤስፒኤስኤስ ለሚሠራ አይዲቢ አናላይዘር (IDB Analyzer)። ክብደትን (አንድ ተፈታኝ ስንት ተማሪ እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር) እና ስህተትን (ሁሉም ሳይሆን ናሙና ስለተፈተነ የሚመጣውን መዋዠቅ) በትክክል የሚያሰሉት እነዚህ ናቸው።
- የየዙሩ የቴክኒክ ሪፖርት። ፋይሉን አውርዶ ሪፖርቱን መተው በጣም የተለመደ ስንፍና ነው፤ ዋጋው ደረጃ 4 ላይ ይታያል።
- አንድ ደብተር። የሰረዛችሁትን፣ የቀየራችሁትንና ምክንያቱን በቀን መዝግቡበት።

## ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ጻፉ፣ ከዚያ ፈተናውን ምረጡ

1. ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «15 ዓመት የሞላው ልጅ ምን ያውቃል?» እና «8ኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ምን ያውቃል?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ፈተናቸውም የተለያየ ነው።

2. የመጀመሪያው ከሆነ ፒሳን ውሰዱ። የሚያዘጋጀው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ነው። የሚፈትነው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ከ3 ወር እስከ 16 ዓመት ከ2 ወር የሆነና ቢያንስ 7ኛ ክፍል የደረሱ ተማሪዎችን ነው። ሳይንስ ዋና ትኩረት የነበረው እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ2015 እና በ2025 ዙሮች ነው። በሌሎቹ ዙሮች የሳይንስ ጥያቄዎቹ ጥቂት ስለሆኑ የሳይንስን ንዑስ ዘርፎች ለየብቻ ማየት አትችሉም።

3. ሁለተኛው ከሆነ ቲምስ (TIMSS) የተባለውን የሒሳብና የሳይንስ ዓለም አቀፍ ፈተና ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በየ4 ዓመቱ 4ኛና 8ኛ ክፍልን ይፈትናል፤ ጥያቄዎቹም ለሥርዓተ ትምህርት የቀረቡ ናቸው።

4. ድሃ አገሮችን ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ «ፒሳ ለልማት» የተባለውን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ውጤት ሴኔጋልን፣ ዛምቢያን፣ ካምቦዲያን፣ ጓቲማላን፣ ሆንዱራስን፣ ፓራጓይንና ኢኳዶርን ይዟል። ነጥቡም በፒሳ መለኪያ ላይ የተቀመጠ ነው።

ማስጠንቀቂያ። የፒሳን 500 እና የቲምስን 500 አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አትክተቱ። ሁለቱም በመነሻቸው አማካዩን 500፣ መደበኛ ልዩነቱን 100 አድርገው ጀምረዋል፤ መነሻ ያደረጓቸው አገሮች ግን የተለያዩ ናቸው። የአንዱ ኪሎ የሌላው ኪሎ አይደለም።

በቲምስ ውስጥም ክፍሉን አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሞሮኮ በሳይንስ 394፣ ግብፅ 389፣ ደቡብ አፍሪካ 370 አመጡ። የሞሮኮና የግብፅ ተፈታኞች 8ኛ ክፍል ነበሩ፤ የደቡብ አፍሪካዎቹ ግን 9ኛ። አንድ ዓመት ተጨማሪ ተምረው ነው 370 ያመጡት። ይህን ያልጻፈ ሠንጠረዥ ልዩነቱን አሳንሶ ያሳያል።

የምትፈልጉት አገር ከሌለስ? ኢትዮጵያ እስከ 2022ቱ ፒሳና እስከ 2023ቱ ቲምስ ድረስ በሁለቱም አልተሳተፈችም። አገር አቀፉ የትምህርት ምዘና የራሱ መለኪያ ስላለው ከፒሳ ጎን አይቆምም። የአፍሪካ አገሮች ምዘና የሆኑትን ፓሴክንና (PASEC) ሳክሜክን (SACMEQ) በአፍሪካዊነታቸው ብቻ አታምጧቸው፤ በዋናነት የሚለኩት ቋንቋና ሒሳብ ነው።

## ደረጃ 2፦ ማን እንደተፈተነ አስሉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ፒሳ የሚፈትነው ትምህርት ቤት ያለውን ልጅ ነው። ያቋረጠው፣ ጭራሽ ያልገባውና ደጋግሞ በመውደቅ 5ኛ ወይም 6ኛ ክፍል የቀረው አይቆጠርም። በሀብታም አገር የሚቀረው ጥቂት ነው፤ በድሃ አገር ግን ከግማሽ በላይ ሊሆን ይችላል።

1. በየአገሩ «ኮቨሬጅ ኢንዴክስ 3» የተባለውን የሽፋን ቁጥር ፈልጉ። ከአገሪቱ የ15 ዓመት ልጆች ፈተናው የወከለው ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራችኋል።

2. ከአማካይ ነጥቡ ጎን በሌላ ዓምድ ጻፉት። ሽፋን ያልተጻፈበት አማካይ ነጥብ ሠንጠረዣችሁ ውስጥ አይግባ።

3. በፒሳ የብቃት ደረጃ 2 (የዚህ መመሪያ ደረጃ አይደለም) የደረሱትን ተማሪዎች በመቶኛ ውሰዱ። በፒሳ ሳይንስ የደረጃ 2 መነሻ 409.54 ነጥብ ነው፤ ዝቅተኛው መሠረታዊ ብቃት ተብሎ የሚወሰደውም እሱ ነው።

4. ሁለቱን አባዙ። የምታገኙት ከአገሪቱ የ15 ዓመት ልጆች ሁሉ ቢያንስ ስንቱ ደረጃ 2 እንደደረሱ ነው።

በ2015ቱ ዙር እንሞክረው። ቬትናም በሳይንስ 525፣ ብራዚል 401 አመጡ። ደረጃ 2 የደረሱት በቬትናም 94 በመቶ፣ በብራዚል 43 በመቶ ናቸው። ሰማይና ምድር ይመስላል። ሽፋኑ ግን በቬትናም 49፣ በብራዚል 71 በመቶ ነበር። ሲባዛ ቬትናም 46፣ ብራዚል 31 ይሆናሉ። ቬትናም አሁንም ትበልጣለች፤ የ51 መቶኛ ነጥብ ክፍተት ግን ወደ 15 ወረደ።

ይህ ስሌት የሚያስበው ያልተፈተነው ልጅ ሁሉ ከደረጃ 2 በታች እንደሆነ ነው። ለብዙ ድሃ አገሮች ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ቢሆንም ግምት ነው። «ቢያንስ» የሚለውን ቃል ከዓረፍተ ነገሩ አታውጡ።

የሚሳሳቱበት፦ ዓመት ከዓመት ስታወዳድሩ ሽፋኑ ከሰፋ አማካዩ ሊወርድ ይችላል። የወረደው ትምህርቱ ላይሆን ይችላል፤ ቀድሞ በር ላይ የቀሩት ልጆች ስለገቡ ሊሆን ይችላል። ከ«ቀነሰ» በፊት የሁለቱን ዓመታት ሽፋን አስተያዩ።

## ደረጃ 3፦ ዳታውን አውርዱና ከርክሙ

1. የተማሪውንና የትምህርት ቤቱን ፋይል አውርዱ። በ2022 ብቻ ወደ 690,000 ተማሪ ተፈትኗል፤ ዓምዱም ከሺህ በላይ ነው። በቀን ሰዓት የሚጎተት ኢንተርኔት ላይ ከምትታገሉ ሌሊት አስጀምሩት፤ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃም ተጠቀሙ፤ መብራት ሲጠፋ ከዜሮ አትጀምሩም።

2. የወረደውን ፋይል መጠን ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳክሩ። ዚፑ ሲፈታ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ካለ አትጠግኑት፤ እንደገና አውርዱ።

3. በፍላሽ ስታጓጉዙ ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ቀይሩት፤ ከዚያ በፊት ውስጡ ያለውን አውጡ፣ ይጠፋልና።

4. በኤክሴል አትክፈቱ። በምትሠሩበት ፕሮግራም ከፍታችሁ የምትፈልጓቸውን አገሮች ብቻ አስቀሩ። ከዓምዶቹ የአገር ኮድ፣ የትምህርት ቤትና የተማሪ መለያ፣ ጾታ፣ ክፍል፣ የቤተሰብ ኑሮ ኢንዴክስ፣ 10ሩ የሳይንስ አማራጭ ነጥቦች (ለአንድ ተማሪ የተገመቱ ውጤቶች፤ ደረጃ 4ን እዩ)፣ የተማሪው የመጨረሻ ክብደትና 80ዎቹ ተደጋጋሚ ክብደቶች (የናሙና ስህተትን ለማስላት የሚያገለግሉት) ይቅሩ። የቀረውን ጣሉ፤ ዋናው ፋይል ግን ሳይነካ ይቀመጥ።

5. የጎደለ መልስ ኮዶችን አጽዱ። 97፣ 98፣ 99 ወይም 9997 የመሳሰሉት ቁጥር አይደሉም፤ «አይመለከተውም»፣ «ልክ ያልሆነ»፣ «አልመለሰም» ማለት ናቸው። ትርጉማቸውን ከኮድ መጽሐፉ አረጋግጡ። ሳይጸዱ የተሰላ አማካይ የእናቶች የትምህርት ዘመን 40 ዓመት እንደሆነ ሲነግራችሁ ታገኙታላችሁ።

6. ማን በኮምፒውተር፣ ማን በወረቀት እንደተፈተነ መዝግቡ። በ2022 ካምቦዲያ፣ ጓቲማላ፣ ፓራጓይና ቬትናም በወረቀት ነው የተፈተኑት።

## ደረጃ 4፦ አማካዩን እና ስህተቱን አስሉ

እያንዳንዱ ተማሪ የሚሠራው የጥያቄዎቹን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ለአንድ ተማሪ አንድ ውጤት አይሰጥም፤ ከ2015 ወዲህ በፒሳ 10 አማራጭ ነጥብ ይሰጣል። ቲምስ 5 ይሰጣል።

1. 10ሩን ለየተማሪው አማካይ አውጥታችሁ እንደ አንድ ነጥብ አትጠቀሙ። ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት ይህ ነው፤ በተማሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያሳንሳል፤ ደረጃ 2 የደረሱትንም መቶኛ ያዛባል።

2. በእያንዳንዱ አማራጭ ነጥብ የአገሪቱን አማካይ በመጨረሻው ክብደት አስሉ። 10 አማካይ ታገኛላችሁ። የ10ሩ አማካይ የአገሪቱ ውጤት ነው።

3. ለናሙና ስህተት ያንኑ አማካይ በ80ዎቹ ተደጋጋሚ ክብደቶች 80 ጊዜ አስሉ። እያንዳንዱ ከዋናው የሚለይበትን ካሬ አድርጉ፣ ደምሩ፣ ለ20 አካፍሉ። ይህን ለ10ሩም አድርጉና አማካዩን ያዙ፤ የናሙና ቫሪያንስ የሚባለው እሱ ነው። ቲምስ ጃክናይፍ የተባለ ሌላ ዘዴ ስለሚጠቀም ይህን የ20 ማካፈያ ወደዚያ አትውሰዱ።

4. 10ሩ አማካዮች እርስ በርስ ያላቸውን ልዩነት ቫሪያንስ አስሉ፣ በ1.1 አባዙ፣ ከላይኛው ጋር ደምሩ፤ ካሬ ሥሩ መደበኛ ስህተታችሁ ነው።

በቁጥር ለማየት ያህል ሀ የተባለች አገር አማካይ 372፣ የናሙና ቫሪያንሷ 9.0፣ በአማራጭ ነጥቦች መካከል ያለው ቫሪያንስ 2.0 ይሁን። 9.0 + 1.1 × 2.0 = 11.2፤ ካሬ ሥሩ 3.35።

በእጅ ማስላት አይጠበቅባችሁም፤ ከላይ የተጠቀሱት ፕሮግራሞች ይሠሩታል። ነገር ግን አንዴ በእጅ ያልሠራ ሰው ፕሮግራሙ የተሳሳተ ክብደት ሲሰጠው አያውቅም።

ማረጋገጫ። ያወጣችሁትን አማካይ በይፋ ከታተመው ጋር አስተያዩ። ከነጥብ በኋላ እስከ መጀመሪያው አሃዝ መግጠም አለበት። በ1 ወይም 2 ነጥብ ከተለየ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን አማራጭ ነጥብ ብቻ ተጠቅማችኋል። በ10 እና ከዚያ በላይ ከተለየ ክብደቱ አልገባም። መደበኛ ስህተቱ ከታተመው በብዙ ካነሰ 80ዎቹን ክብደቶች ረስታችኋል። ሳይገጥም ወደ ደረጃ 5 አትለፉ።

## ደረጃ 5፦ ልዩነቱ ልዩነት መሆኑን ፈትኑ

1. የሁለቱን አገሮች አማካይ ቀንሱ።
2. ስህተቶቻቸውን ካሬ አድርጋችሁ ደምሩ፤ ካሬ ሥር አውጡ።
3. የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። ከ1.96 ካነሰ «ትበልጣለች» አትበሉ።

አገር ሀ 372፣ ስህተቷ 3.35፤ አገር ለ 381፣ ስህተቷ 4.1 ይሁን። ልዩነቱ 9፣ የልዩነቱ ስህተት 5.3፤ ሲካፈል 1.7። ለ ከሀ በላይ ተቀምጣ ብትታይም መቅደሟ አልተረጋገጠም። ብዙ አገሮችን ጥንድ በጥንድ ስታወዳድሩ ደግሞ ከ20 ጥንድ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ «ልዩነት አለ» ይላችኋል፤ ስለዚህ ልታወዳድሯቸው ያሰባችሁትን ጥንዶች ዳታውን ከመክፈታችሁ በፊት ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ደረጃ ማውጣቱን ተዉት። 60ኛ እና 64ኛ የሚል ቁጥር ለጋዜጣ ርዕስ ነው።

ውጤታቸው እጅግ ዝቅተኛ ለሆነ አገሮች አማካዩ ብዙ አይናገርም። ሴኔጋልና ዛምቢያ በፒሳ ለልማት ሁለቱም 309 ናቸው፤ ሽፋናቸው ግን 29 እና 36 በመቶ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ተማሪዎቹ ከደረጃ 2 በታች በየትኛው እርከን እንዳሉ በመቶኛ ከፋፍላችሁ አሳዩ።

የፍላጎት መጠይቅን በአማካይ አታወዳድሩ። «ሳይንስ መማር ያስደስተኛል» በሚለው ብዙ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው አገሮች ከሀብታሞቹ በላይ «በጣም እስማማለሁ» ይላሉ። በአንድ አገር ውስጥ ፍላጎት ከውጤት ጋር አብሮ ይወጣል፤ በአገሮች መካከል ግን ተገላቢጦሽ ይሆናል። አንዱ ምክንያት የመልስ አሰጣጥ ባህል ነው። እያንዳንዱን አገር በውስጡ ተንትኑ፤ በዚያ ይብቃ።

## ደረጃ 6፦ ጎንደር ላይ ለመፈተን ናሙና ውሰዱ

1. ደብዳቤ። ከዩኒቨርሲቲያችሁ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ከከተማው ትምህርት መምሪያ የትብብር ደብዳቤ፣ ከወላጅ የፈቃድ ፎርም ያዙ። ደብዳቤው ላይ «ውጤቱ ትምህርት ቤትን ከትምህርት ቤት ለማወዳደር አይውልም» የሚል መስመር ይግባ። ያ መስመር ካልገባ ርዕሰ መምህሩ ጎበዞቹን መርጦ ያቀርብላችኋል፤ አይፈረድበትም።

2. ብዙ ትምህርት ቤት፣ ከየትምህርት ቤቱ ጥቂት ልጅ። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ይመሳሰላሉ። የመመሳሰያ መጠኑን 0.3 ብንወስድ ከ20 ትምህርት ቤት 20፣ 20 ልጅ ብትፈትኑ 400 ተማሪ ሆኖ ሳለ የሚሰጣችሁ መረጃ በዕጣ የተመረጡ 60 ልጆች ከሚሰጡት አይበልጥም። ስሌቱ፦ 1 + 19 × 0.3 = 6.7፤ 400 ለ6.7። ከ40 ትምህርት ቤት 10፣ 10 ብትወስዱ ግን 400ው እንደ 108 ይቆጠራል። ድካሙ የታክሲና የእግር ነው፤ ጥቅሙ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። አዘዞን ከፒያሳ፣ ማራኪን ከአራዳ፣ የግሉን ከመንግሥቱ ሳትለዩ በዕጣ አውጡ። ከከተማው ያን ያህል ትምህርት ቤት ካልተገኘ ሁሉንም ውሰዱ።

3. ልጆቹን ከሮስተር በዕጣ ምረጡ። አንድን ክፍል ሙሉ በሙሉ አትውሰዱ፤ «ሀ» ክፍል የደረጃ ተማሪዎች ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ የጠዋቱንም የከሰዓቱንም ስም ዝርዝር አንድ ላይ አድርጋችሁ አውጡ።

4. ዕድሜን በጥንቃቄ ቀይሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ለ2022ቱ ፒሳ አብዛኛው አገር የፈተነው እ.ኤ.አ. በ2006 የተወለዱትን ነው። በእኛ አቆጣጠር ይህ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1998 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ሮስተሩ ላይ «1999» የሚለውን ሳይቀይር ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባ ሰው የ15 ዓመቱን ልጅ የ23 ዓመት ጎልማሳ ያደርገዋል። ፎርሙ ላይ ቀን፣ ወር፣ ዓመትን ለየብቻ አስሞሉ፤ «ዓ.ም.» ብላችሁ አትሙበት፤ የምትቀይሩት ቢሮ ገብታችሁ በአንድ ቀመር ነው።

ልጁ የልደት ቀኑን ባያውቅስ? በዝርዝሩ ላይ «መስከረም 1» የበዛ ከሆነ የተገመተ ነው። እናትየዋን «ከየትኛው በዓል በፊት ተወለደ?» ብላችሁ ብታስጠይቁ ወሩን ታገኛላችሁ። ይህም ካልተቻለ በዕድሜ ሳይሆን በክፍል ሥሩ፤ 9ኛ ክፍል ውሰዱና ከፒሳ ጋር ያለውን ልዩነት ጻፉ።

## ደረጃ 7፦ ጥያቄዎቹን ምረጡና ተርጉሙ

1. ይፋ ከተለቀቁት የፒሳ የሳይንስ ጥያቄዎች ከ20 እስከ 25 ምረጡ፤ ለ60 ደቂቃ ይበቃሉ። ሁሉም ምርጫ አይሁን፤ ቢያንስ ሲሶው የጽሑፍ መልስ የሚጠይቅ ይሁን።

2. የቋንቋ ውሳኔ አድርጉ። 9ኛ ክፍል ሳይንስ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ብትፈትኑ ሳይንሱን ከእንግሊዝኛው መለየት አትችሉም። በአማርኛ ብትፈትኑ ደግሞ ልጁ ሙያዊ ቃሉን በአማርኛ ሰምቶት ላያውቅ ይችላል። አቅም ካለ ግማሹን ተማሪ በዕጣ በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ፈትኑ፤ ልዩነቱ ራሱ አንድ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል። የሴኔጋል ልጆች የተፈተኑት በፈረንሳይኛ፣ የካምቦዲያዎቹ በክመር እንደሆነም አትርሱ።

3. ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ይተርጉሙ፤ ሦስተኛ ሰው ያስታርቅ። ከሁለቱ አንዱ ሳይንስ የሚያስተምር ይሁን።

በሚከተሉት ቃላት ላይ ቁሙ። «ሙቀት» በቤት ቋንቋ ለሁለቱም ነው፤ መጽሐፉ ግን «ሙቀት»ን ከ«መጠነ ሙቀት» ይለያል። «ክብደት» ገበያ ላይ በኪሎ የሚለካው ነው፤ ለሳይንሱ ግን ኪሎግራም የ«መጠነ ቁስ» መለኪያ ነው። «ኃይል» እና «ጉልበት» ከመጽሐፍ መጽሐፍ ቦታ ይለዋወጣሉ። በነዚህ ላይ ከጥያቄው በፊት አንድ መስመር ማብራሪያ ስጡ፤ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ይሁን።

4. የአውዱን ነገር ለመቀየር አትቸኩሉ። ስኬቲንግን በገና ጨዋታ ከተካችሁ ጥያቄው ሌላ ጥያቄ ሆኗል፤ ከውጭው ጋር አይወዳደርም። የራሳችሁን ጥያቄ መጨመር ከፈለጋችሁ ለብቻው መድቡት። ለምሳሌ፦

*ውሃ የፈላበት መጠነ ሙቀት፦ ደባርቅ፣ ከፍታ 2,800 ሜትር ገደማ፣ 91 ዲግሪ ሴልሺየስ፤ ጎንደር፣ 2,100 ሜትር ገደማ፣ 93፤ መተማ፣ 700 ሜትር ገደማ፣ 98። አንዲት እናት በእኩል እሳት ባቄላ ብትቀቅል ከመተማ ይልቅ ደባርቅ ላይ ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ለምንድን ነው? ከዳታው ማስረጃ ጥቀስ።*

ሙሉ ነጥብ፦ ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ መጠነ ሙቀት ስለሚፈላ ባቄላው እየተንተከተከም ቢሆን ያን ያህል አልጋለም፤ ቢያንስ ሁለት ቁጥር መጥቀስ አለበት። ግማሽ ነጥብ፦ «ደባርቅ ከፍ ስለሚል»። ዜሮ፦ «ደባርቅ ብርድ ስለሆነ»። «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብሎ ዳታውን የሚክድ ተማሪ ይገጥማችኋል፤ ዜሮ ነው፣ ግን በተለየ ኮድ መዝግቡት። ያ መልስ ልጁ ከፊቱ ካለው ማስረጃ ይልቅ ደብተሩን እንደሚያምን ያሳያል፤ የሳይንስ ግንዛቤ የሚባለው ነገር በትክክል የሚጎድለው እዚያ ላይ ነው።

5. ከናሙናው ውጭ በሆነ ትምህርት ቤት ከ40 እስከ 60 ተማሪ ላይ ሞክሩ። ከ10 ልጅ 9ኙ የሳቱት ጥያቄ ካለ መጀመሪያ ትርጉሙን መርምሩ፤ ልጆቹን አስጠርታችሁ ጥያቄውን በራሳቸው ቃል እንዲነግሯችሁ አድርጉ።

## ደረጃ 8፦ የፈተናው ቀን

- ቀኑን ስትመርጡ ጥር 10፣ 11 እና 12ን ብቻ ሳይሆን የጥምቀትን ሳምንት በሙሉ ተዉት። የጎንደር ተማሪ በዚያ ሳምንት ክፍል ውስጥ አይገኝም። ከከተማው ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች የኅዳር አጨዳም እንዲሁ ነው።
- ሰዓቱን «ጠዋት 3 ሰዓት» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉ። ከውጭ መመሪያ «9፡00» ብሎ የተገለበጠ ፕሮግራም ከሰዓት በኋላ ሰው ያስጠብቃል።
- ከ10 ልጅ 2 በላይ ከቀሩ ሌላ ቀን ተመለሱ። የሚቀሩት ልጆች ከመጡት ይለያሉና በተጠባባቂ አትተኳቸው።
- የክፍሉ መምህር አይፈትን። መምህሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ልጁ ሲቸገር አይቶ ዝም ማለት ስለማይችል ነው።
- 60 ደቂቃው ሲያልቅ ልጆቹ የደረሱበትን ጥያቄ እንዲያከቡ አድርጉ። የተዘለለና ያልተደረሰበት የሚለየው በዚያ ክብ ብቻ ነው።

## ደረጃ 9፦ አርሙና ጎን ለጎን አስቀምጡ

1. የጽሑፍ መልሶችን ሁለት አራሚዎች ያርሟቸው፤ ቢያንስ ከ5 ወረቀት አንዱን ሁለቱም ሳይተያዩ ያርሙት። ከ100 መልስ ከ85 በታች ከተስማሙ አቁሙ፤ መመሪያውን አስተካክሉና ከመጀመሪያው ጀምሩ። አራሚ በትምህርት ቤት ሳይሆን በጥያቄ ይሥራ፤ ማለትም አንዱን ጥያቄ በሁሉም ወረቀት ላይ ጨርሶ ወደ ሚቀጥለው ይሂድ።

2. ስታስገቡ ስህተትን 0፣ ያልተደረሰበትን 7፣ የተዘለለን 9 በሉት። ሁሉንም 0 ካላችሁ በኋላ መለየት አይቻልም።

3. የልጆቻችሁን ውጤት በፒሳ ነጥብ አትጻፉ። 22 ጥያቄ ተርጉሞ «ጎንደር 352 አመጣች» ማለት የሚያስችል ነገር እጃችሁ ላይ የለም። የጥያቄዎቹን የታተመ የአስቸጋሪነት መጠን ተጠቅሞ ማስላት በቴክኒክ ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለት ሦስት ጥያቄ በትርጉም ምክንያት ከከበደ ውጤቱ ይዛባል፤ መዛባቱንም አታዩትም። በጥያቄ በጥያቄ ሂዱ፦ ይህን ጥያቄ ጎንደር ላይ ከ100 ስንት መለሱ፣ በዓለም አቀፉ ፈተና ስንት መለሱ።

4. የሁለቱን መቶኛ በገበታ ላይ በነጥብ አስቀምጡ። አብዛኛው ነጥብ በአንድ መስመር ዙሪያ ይሰበሰባል። ከመስመሩ ርቀው የወደቁትን አንድ በአንድ መርምሩ፦ ትርጉም ነው? እኛ ዘንድ ያልተማሩት ርዕስ ነው? አውዱ ነው? ግራፍ ማንበብ የሚጠይቁት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከወደቁ የጥናታችሁ ዋና ግኝት ያ ነው።

5. በእያንዳንዱ መቶኛ ላይ ስህተቱን ጻፉ። እንደ 108 በሚቆጠር ናሙና 40 በመቶ ማለት ከ31 እስከ 49 ማለት ነው። ክፍተቱ ሰፋ ብላችሁ አታፍሩ፤ የሚያሳፍረው መደበቁ ነው።

6. ከሠንጠረዡ ሥር ሦስት መስመር ይግባ፦ የተፈተኑት የየትኛው ክፍልና ዕድሜ እንደሆኑ፣ ከዚያ ዕድሜ ልጆች ስንት በመቶው ትምህርት ቤት እንዳለ፣ ፈተናው በምን ቋንቋ እንደተሰጠ። የመጀመሪያውና ሦስተኛው እጃችሁ ላይ አለ። ሁለተኛውን ከትምህርት መምሪያው የምዝገባ ዓመታዊ መረጃ ውሰዱ፤ በዕድሜ ያልተከፋፈለ ከሆነ በ9ኛ ክፍል የተመዘገቡትን ከከተማው የዚያ ዕድሜ ልጆች ግምት ጋር አካፍላችሁ «በግምት» ብላችሁ ጻፉ። የመልስ ወረቀቶቹን ስም ያለበትን ገጽ ቆርጣችሁ ለብቻ ቆልፉበት፤ ቀሪውን መከላከያው እስኪያልቅ በካርቶን አስቀምጡ። ፈታኙ «አንድ ወረቀት አሳዩኝ» ማለቱ አይቀርም።